ጸጥታ ነው የቸገረኝ

ሽበሺ የተከራያት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሽበሺ እንድትይዝ ተብላ የተሠራች ናት። አሁን ግን ኦርጋን ገብቶባታል፣ ሁለት ቴፕ ገብቶባታል፣ ክራርና ከበሮ ገብቶባታል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ ፍራሹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ብርድ ልብሱ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል፣ የእህቱ የታቢታ ጋቢ ሳይቀር በሚስማር ተቸንክሯል። ታዲያ ሽበሺ የት ይተኛል? ኦርጋኑ ሥር ነዋ! እሱ ክፍሏን «ስቱዲዮዬ» ይላታል። ታቢታ ደግሞ በሩ ላይ ትቆምና አፍንጫዋን ይዛ፣

«አንተ፣ እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» ትለዋለች።

«ሙዚቃ እየተወለደ ነው።»

«ሲወለድ እጠበዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ አዋሳም የድርሻዋን ልታዋጣ፣ ስለ መንግሥት እርሻ አንድ ፊልም አስቀርጻለች። ትራክተር ያርሳል፣ ኮምባይነር ያጭዳል፣ ሠራተኛው እየሳቀ በቆሎ ይሸከማል፣ መጨረሻ ላይ ፀሐይ በበቆሎው ላይ ቀስ ብላ ትጠልቃለች። ሸጋ ፊልም ነው። ችግሩ ድምፅ የለውም። ያለ ድምፅ ሲታይ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በቆሎ ሰርቆ የሚሸሽ ነው የሚመስለው።

የቅስቀሳና የባህል ኃላፊው ጓድ ካሳሁን ማጀቢያ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ሲያፈላልግ ሽበሺን ጠቆሙት። ሽበሺ ቤተክርስቲያናቸው እስኪታሸግ ድረስ ኦርጋን ይመታ ነበር። ከታሸገ ወዲህ ሥራ የለውም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሥራ ፈት መሆን ጥሩ አልነበረም፤ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲለቅም ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥራ ፈት ላይ ነው። ሽበሺ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ ጆሮውን ይዞ ጓዳ የሚገባ ሰው ነው።

«ሙዚቃው ካማረ፣» አለው ጓድ ካሳሁን፣ «ኪነት ቡድኑ ውስጥ ትገባለህ። የኪነት ሰው አይዘምትም። ካላማረ ግን...»

አልጨረሰውም። በአገጩ ብቻ ወደ ሰሜን አመለከተ።

ሽበሺም የኪነት ቡድኑን ኦርጋን በአደራ ተቀብሎ፣ ቴፖቹን ከየዘመዱ ለምኖ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ብልጠት ይፈልጋል። መጀመሪያ ኦርጋኑን እየመታ በትልቁ ቴፕ ይቀዳል። ከዚያ ትልቁን ቴፕ እያጫወተ፣ እሱው ከላዩ ክራር እየገረፈ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ በትንሹ ቴፕ ይቀዳል። ከዚያ ትንሹን እያጫወተ ሌላ ይጨምርበታል። እንዲህ እየተመላለሰ ከአንድ ሽበሺ ሙሉ ኦርኬስትራ ያወጣል። ማዋሃዱ ደግሞ በእግር ነው፤ ክራሩ እንዲጎላ ከተፈለገ ወደ ማይኩ ጠጋ፣ ከሩቅ እንዲመጣ ከተፈለገ ደግሞ ታቢታ ከበሮውን ይዛ ግቢ ትወጣለች። አንዴ የተዋሃደ ድምፅ አይፈታም። እንደ ወጥ ነው፤ ጨው በዛበት ብለህ ጨዉን አትለቅመውም።

ይሄ ሁሉ ዝም ያለ ቤት ይፈልጋል። ሽበሺ የተከራየው ግን የእትዬ ብዙነሽ ግቢ ውስጥ ነው፤ እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ጠላ ነጋዴ ናቸው። ጴንጤው ጠላ ቤት ተከራየ ብሎ ያልሳቀበት የለም፤ ምን ያድርግ፣ ርካሽ ነው። ጠዋት ጠጪው በሹክሹክታ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ላይ ያወራል፣ ከሰዓት ይዘፍናል፣ ከዚያ ይጣላል። ሲጣላ ደግሞ ለሽምግልና ሽበሺን ነው የሚጠራው፣ እሱ ስለማይጠጣ።

በዚህ ላይ አባ ኮዳ አለ። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ እነዚያ ራሰ በራ፣ ጉሮሮ አንጠልጣይ ወፎች አሣ ተራ ሲጠግቡ የሚንሸራሸሩት የሽበሺ ቆርቆሮ ላይ ነው። ኮቴያቸው የቀረጥ ሰብሳቢ ጫማ ነው የሚመስለው። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ኦርጋኑ ሲለሰልስ እነሱ ይብሳሉ።

አንድ ቀን ጓድ ካሳሁን ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። ከሰፈሩ ጭቃ ውስጥ ጫማውን እየነቀለ ገባና ፍራሹን አየ፣ የተቸነከረውን ጋቢ አየ፣ ሽበሺን አየ።

«ምን ይጎድልሃል ጓድ ሽበሺ? አብዮቱ ያሟላልሃል፤ ተናገር።»

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ሽበሺ ከእህቱ ጋር ሲሆን በሲዳምኛ ነው የሚያወራው፤ አማርኛውም ቢሆን አይታማም፣ የሰፈር አማርኛ ነው። ቢተወው ኖሮ «ሰዎቹን ዝም ያሰኙልኝ» ይል ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ካድሬ ፊት ነው የቆመው። ለካድሬ የሬዲዮ አማርኛ ነው የሚገባው ብሎ አሰበ። ደረቱን ነፋና፣

«ሁሉም ተሟልቷል ጓድ! እኔን የቸገረኝ ጸጥታ ብቻ ነው። ጸጥታ ከሌለ ሥራው ይበላሻል» አለ።

ጓድ ካሳሁን ወደ መስኮቱ ሄደና ብርድ ልብሱን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ጠጪዎቹን አንድ በአንድ ቃኘ።

«ስጋት አለብህ ማለት ነው?»

«በጣም እንጂ! በተለይ ከሰዓት በኋላ።»

«እነዚህ ናቸው?»

«እነሱም አሉ፤ ከላይ የሚመጡም አሉ» አለ ሽበሺ ወደ ቆርቆሮው እያየ።

«ከላይም?» ጓድ ካሳሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ንቃትህ ያስደስታል። ከነገ ጀምሮ ጸጥታ ይመደብልሃል።»

ሽበሺ በሁለት እጁ ጨብጦ ሸኘው። ሲመለስ እየዘለለ ነው ለታቢታ የነገራት። ታቢታ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ቃል ስትሰማ ሁለቴ ነው የምትሰማው።

«ምን አልከው? ቃሉን ንገረኝ እስቲ።»

«ጸጥታ።»

«ወይኔ ወንድሜ!» አለችና ከበሮው ላይ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች፣ ከነጠመንጃቸው። አንደኛው ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ሳል ያለባቸው። ሌላው ሙክታር ነው፤ ሐይቁ ዳር አሣ ሲሸጥ የኖረ፣ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ግን አሣውንም በጥርጣሬ የሚያይ ሰው።

«ጸጥታ ነን» አለ ሙክታር። «ከዓይናችሁ እንዳይርቅ ተብለናል።» ብሎ ገባና ሽበሺ የሚተኛበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

የግቢው ሰው ጠመንጃ ሲገባ አየ፣ ሲወጣ አላየም። በቃ! ሽበሺ ቤቱ ውስጥ ታሰረ ተባለ። ድሮ አብረውት የሚዘምሩ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ታቢታን ሲያዩ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። እትዬ ብዙነሽ በሳህን ምሳ ይዘው መጡና፣ ከሳህኑ እንደ እስረኛ ስንቅ ለሙክታር አስቀምሰው፣ በእንባ፣

«አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል። ምንድን ነው ያደረግኸው? ለኔ ብቻ ንገረኝ» አሉት።

«ኧረ ምንም አላደረግኩም እትዬ! ጸጥታ ፈልጌ ነው!»

«አንተ ነህ የጠራሃቸው?» እንባቸው እዚያው ደረቀ። ጠጪው ጠመንጃውን አይቶ ከጠዋት ጀምሮ ድራሹ ጠፍቷል፤ ጠላው ሊሆመጥጥ ነው። ሳህኑን መልሰው አነሱት። «ምሳውንም እነሱ ያብሉህ!»

ግቢው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ዝም አለ። ጠጪ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ጠብ የለም። አሁን የሚረብሸው ጸጥታው ራሱ ነው። ሙክታር በተነቃነቀ ቁጥር የጠመንጃው ማንገቻ ይንሿሿል። ጋሽ ገብረየስ ደግሞ ይስላሉ፤ ያውም ጭር ባለው ቦታ፣ ክራሩ ብቻውን ሲቀር።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ሳሉን መያዝ አይችሉም?»

«ልጄ፣ እሱ ነው እኔን የያዘኝ።»

ሽበሺ አሰበና ሌላ መላ ዘየደ። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ኦርጋኑ ሲጮህ ትራክተሩ እየዞረ ነው ማለት ነው። እጄን አነሳልዎታለሁ፤ ያኔ የፈለጉትን ያህል ይሳሉ።»

ጋሽ ገብረየስ ተስማሙ። እጁን ሲያነሳ ይስላሉ፣ ሲያወርድ ያቆማሉ። በኋላ በኋላማ በልምምድ ብዛት ከምቱ ጋር መሄድ ጀመሩ። ቴፑ ላይ ሲሰማ ትራክተሩ ሞተር እያስነሳ ነው የሚመስለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ሄደ። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ፀሐይዋ በቆሎው ላይ የምትጠልቅበት። ሽበሺ ለዚህ ክፍል ያሰበው ዜማ ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ ኦርጋኑ እንደ ትንፋሽ፣ ክራሩ ከሩቅ። ፊልሙ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ባህል አዳራሽ ይታያል። ኦርጋኑን ደግሞ ኪነቶች ለልምምድ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጥተው ይወስዱታል። ያለው አንድ ጠዋት ነው።

ታቢታ ክራሩን ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ቴፑ ዞረ። ሽበሺ ጀመረ። ጣቶቹ እንደዚያ ቀን ታዝዘውለት አያውቁም። ጋሽ ገብረየስ እንኳ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ከላይ፣

ጓ።

ሽበሺ መምታቱን አላቆመም፤ ቢያቆም አለቀለት።

ጓ፣ ጓ።

ጨነቀው። እጁ ሥራ ላይ ነው፣ አፉን መክፈት አይችልም። ሳያስበው ዓይኑን አፍጥጦ ሙክታርን አየና፣ በአገጩ ወደ ቆርቆሮው አመለከተ። ሙክታር ስንት ቀን ሙሉ ምንም ሳይታዘዝ የተቀመጠ ሰው ነው። ቀበቶውን አጠበቀ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ምን ሊያደርግ ነው ስትል ታቢታ በሩ ጋ አንገቷን አሰገገች።

ዷ!

አንድ ጥይት። ወደ ሰማይ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽበሺ ዕድሜ ልኩን የሚረሳው አይመስለውም። አዋሳ ዝም አለች። አባ ኮዳዎቹ ሄዱ፣ ውሾቹ ተዋጡ፣ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፣ ጎረቤት የምታለቅስ ሕፃን እንኳ አፏን ዘጋች። እንደዚያ ዓይነት ጭርታ ውስጥ ሙዚቃ ተቀድቶ አያውቅም። ሽበሺም ከድንጋጤው ብዛት እጁ አልቆምም ብሎት መምታቱን ቀጠለ፤ ያ የቀረው ግማሽ ዜማ፣ የሚንቀጠቀጠው፣ በሕይወቱ ከመታው ሁሉ የበለጠው ነበር።

ቴፑን ሲዘጋ የሁሉም ዓይን ፈጦ ነበር። ሙክታር ተመለሰ።

«ጸጥ አሰኝቻቸዋለሁ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

መልሰው ሰሙት። ዜማው ይፈሳል፣ ይፈሳል፣ ዷ! ከዚያ እንደገና ይፈሳል። እንደገና ልቅዳው እንዳይል፣ የኪነቶቹ መኪና ደጁ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ኦርጋኑን ጫኑትና ሄዱ።

ታቢታ ናት ያሰበችው። «ከበሮ ጨምርበት።»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ምን ከበሮ አለ?»

«ብሔራዊ ውትድርና ውስጥም ኦርጋን የለም።»

ትልቁን ቴፕ እያጫወቱ፣ ልክ ጥይቱ ላይ ታቢታ ከበሮውን እንድትደቃው ተስማሙ። መጀመሪያ ቀደመች፤ ከበሮ፣ ከዚያ ጥይት። ቀጥሎ ዘገየች፤ ጥይት፣ ከዚያ ከበሮ፣ ሰው የወደቀ የሚመስል። ሲደጋግሙት፣ ሲደጋግሙት አንድ ጊዜ ገጠመ። በትንሹ ቴፕ ሲሰማ፣ እውነትም፣ ኃይለኛ ከበሮ ይመስላል። ለማረጋገጥ እትዬ ብዙነሽን ለምነው አመጧቸው። አኩርፈው እንደቆሙ አዳመጡ።

«ምን ሰሙ?» አላቸው ሽበሺ።

«ከበሮ ነዋ።» ሊወጡ ሲሉ ዞሩ። «መቺው ግን የተጣላው ሰው አለ።»

በማግሥቱ ባህል አዳራሽ ጢም አለ። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ እንግዳ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ጓድ ካሳሁን፣ በፈገግታ። ሽበሺና ታቢታ ጥግ ላይ ከቴፑ ጋር ናቸው፤ ምናልባት ከተጠየቁ ብለው ከበሮውንም ይዘዋል። ቴፑ ግን ዛሬ የተያያዘው ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር ነው፤ ቁመቱ ሙክታርን የሚያክል።

ትራክተሩ ዞረ። የጋሽ ገብረየስ ሳል እንደ ሞተር ተንጎደጎደ፤ ሰው አጨበጨበ። ኮምባይነሩ አጨደ። ሠራተኛው በቆሎውን ሲሸከም እንግዳው እግራቸውን በምቱ ይነቀንቁ ነበር። ጓድ ካሳሁን ወደ ሽበሺ ዞሮ አውራ ጣቱን አሳየው። ሽበሺ ግን አላየውም፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

ፀሐይዋ መጥለቅ ጀመረች። ኦርጋኑ እንደ ትንፋሽ። ክራሩ ከሩቅ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስነጥስ የለም።

ዷ!!!

በዚያ ዘመን አዋሳ ውስጥ የኖረ ሰው ተኩስና ከበሮ አይምታታበትም። አዳራሹ ባንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ተኛ። ወንበር ተገለበጠ፣ ጫማ ተጣለ፣ አንዱ የሌላውን ባርኔጣ ይዞ ተንከባለለ። እንግዳው ወንበራቸው ሥር፣ ጓድ ካሳሁን እንግዳው ላይ። ቆሞ የቀረው ሽበሺ ብቻ ነው፤ እሱም ጉልበቱ ስለተቆለፈ። ዜማው ደግሞ፣ ያ የሚንቀጠቀጠው፣ በጭርታው ውስጥ ቀስ ብሎ ፈሰሰና አለቀ።

መብራት በራ። እንግዳው ከሥር ወጡ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ሽበሺ ወደ ሰሜን የሚሄደው የጭነት መኪና ታየው፣ እሱም ላዩ ላይ።

«ከበሮ ነው ጓድ» አለ።

እንግዳው ተመለከቱት። ጓድ ካሳሁንም ተመለከተው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተኩስ ነው ከተባለ፣ እንግዳው ባሉበት አዳራሽ ማን ተኮሰ ይባላል፣ ጓድ ካሳሁንም ከነወንበሩ ይሄዳል። ከበሮ ነው ከተባለ ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ ታጋይ ከበሮ ሰምቶ ነው መሬት የሳመው። እንግዳው ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መዘኑት መሰለኝ፤ ኮታቸውን አስተካከሉና፣

«አውቄያለሁ» አሉ። «ኃይለኛ ምት ነው። ድምፁ በወለሉ በኩል እንዴት እንደሚመጣ ለማዳመጥ ነው ዝቅ ያልኩት።»

«እኔም!» አለ ጓድ ካሳሁን።

«እኛም!» አለ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ፣ ባርኔጣ እየተለዋወጠ።

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እንግዳው እጃቸውን አነሱ። «ከበሮ መቺው የታለ?»

ሽበሺ እህቱን አየ። ታቢታ በዓይኗ ብቻ «ሞክራትና!» አለችው። ያኔ በሩ ጋ ጠመንጃውን ይዞ የቆመው ሙክታር ታየው። ደግሞስ ውሸት ነው እንዴ?

«እሳቸው ናቸው» አለ። «ያንን ምት የመቱት ጓድ ሙክታር ናቸው።»

ሙክታር ወደ ኋላው ዞረ፣ ሌላ ሙክታር ካለ ብሎ።

«ይሄ ጓድ» አሉ እንግዳው፣ «ለመስከረሙ በዓል መድረክ ላይ በአካል ይመታታል፤ ልክ እንደዚህ! ከዛሬ ጀምሮ ኪነት ውስጥ ነው። ይሄኛውም ልጅ አብሮ ይግባ፤ ያለ ዜማው ከበሮው ብቻውን ምን ያደርጋል?»

ጓድ ካሳሁን ሽበሺን አቅፎ ሳመው። እግረ መንገዱን በጆሮው፣ «ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ከበሮ ብሰማ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምመታህ» አለው።

ታቢታ ከበሮውን አስቀምጣ እስክታቅፈው ድረስ ሽበሺ ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር። «ገባህ እኮ!» አለችው ትከሻውን እየነቀነቀች። «አትሄድም! አንተ፣ አትሄድም!» ያኔ ነው ጉልበቱ የተፈታው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከተነሳ በኋላ እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ውጭ ሲወጡ ሙክታር ከጋሽ ገብረየስ ጋር ደጁ ላይ እየጠበቀ ነው። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ሆኗል።

«ሽበሺ፣ እኔ እኮ ከበሮ ነክቼ አላውቅም።»

«እኔም ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም ጋሽ ሙክታር። ከሁለት አንዳችን መማር ነበረብን፤ ለእርስዎ ደረሰ።»

«መስከረም እኮ ደረሰ!»

«ዛሬውኑ እንጀምራለና።»

ታቢታ ከበሮውን አቀበለችው። ሙክታር ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ለጋሽ ገብረየስ ሰጠ። የከበሮውን ማንገቻ አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ ቆዳውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ግራና ቀኙን አገላብጦ አየው፣ ሥሩንም ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ በጣም በትሕትና፣

«ማቀባበያው የቱ ጋ ነው?» አለ።